ከሐርለም እስከ አዲስ አበባ፦ የማልኮም ኤክስ መንገድና የእኛ ሶፍ

ቢስሚላሂ አር-ረሕማኒ አር-ረሒም



በቅርቡ ከመግሪብ ሶላት በኋላ በነበረን ሐልቃ ስለ ማልኮም ኤክስ እየተጨዋወትን ሳለ አንድ ወንድማችን፣ «ይኼ የአሜሪካኖች ታሪክ ነው። እኛ አገር ነጭና ጥቁር የሚባል ነገር የለም፤ ሁላችንም አንድ ነን» አለ። አብዛኞቻችን ራሳችንን በመስማማት ነቀነቅን። ከኋላ የተቀመጠ ሌላ ወንድማችን ግን አልነቀነቀም። ይህ ወንድማችን ከታችኛው ኦሞ የመጣ ነው፤ እስልምናን የተቀበለውም እዚሁ ግቢ በገባበት ዓመት ነው። ሐሳቡን እንዲነግረን ስንጠይቀው ጥቂት ዝም አለና፣ «እኔ አገሬ እያለሁ ሰው ነበርኩ። ጥቁር መሆኔን የነገራችሁኝ እናንተ ናችሁ» አለን።

ከዚያ በኋላ ሐልቃው ውስጥ የተናገረ ሰው አልነበረም። በስሙ ፋንታ በቀለሙ የጠራነው፣ «ለቀልድ ነው» ያልነው ሁሉ ትዝ አለን። ይህን ትምህርት የምናቀርበው ለዚያ ዝምታ መልስ ይሆን ዘንድ ነው። ታሪኩ ረጅም መንገድ ይወስደናል፤ ከአሜሪካ ተነስቶ በመካና በአዲስ አበባ በኩል አልፎ ተመልሶ ጂንካ፣ እኛው ሶፍ ላይ ይደርሳል።

1. «ኢትዮጵያ» የሚለው ስም በጥቁር አሜሪካውያን ዘንድ

በመጀመሪያ ሁለት ቃላትን እንለይ። ፓን አፍሪካኒዝም ማለት በአፍሪካ የሚኖሩትና በባርነት ተግዘው ወደ አሜሪካና ካሪቢያን የተበተኑት ጥቁር ሕዝቦች ዕጣቸው የተሳሰረ ስለሆነ ትግላቸውም አንድ መሆን አለበት የሚል አስተሳሰብ ነው። ጥቁር ብሔርተኝነት ደግሞ ጥቁር ሕዝብ የራሱን ትምህርት፣ ንግድ፣ ድርጅትና ክብር በራሱ እጅ መያዝ አለበት፤ የጨቋኙን ቸርነት መጠበቅ የለበትም የሚል ነው።

ለሁለቱም አስተሳሰቦች «ኢትዮጵያ» የሚለው ስም ትልቅ ቦታ ነበረው። በ1888 ዓ.ም. በዓድዋ የተገኘው ድል ወሬው በመላው ዓለም ተሰማ። ጥቁር ሰው የአውሮፓን ጦር አሸንፎ ነፃነቱን ማስጠበቁ በባርነት ታሪክ አንገቱን ለደፋ ሕዝብ ትልቅ ዜና ነበር። ጃማይካዊው ማርከስ ጋርቬይ እ.ኤ.አ. በ1914 የመሠረተውና በኋላ ማዕከሉን በኒውዮርክ ሐርለም ያደረገው ማኅበር የራሱ መዝሙር ነበረው፤ ስሙም የኢትዮጵያ መዝሙር የሚል ነበር። እነዚህ ሰዎች «ኢትዮጵያ» ሲሉ አንድን አገር ብቻ ማለታቸው አልነበረም፤ የጥቁር ሕዝብን ሁሉ ክብር ማለታቸው ነበር።

ጣሊያን በ1928 ዓ.ም. አገራችንን ስትወር በሐርለም ሰልፍ ተደረገ፣ ገንዘብ ተሰበሰበ። ጆን ሮቢንሰን የተባለው ጥቁር አሜሪካዊ አብራሪ መጥቶ በኢትዮጵያ አየር ኃይል ውስጥ አገለገለ። በአሜሪካ ሕክምና የተማረው ዶክተር መላኩ በያን ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1937 በኒውዮርክ የኢትዮጵያ ዓለም አቀፍ ፌዴሬሽንን አቋቋመ። ለዚህ ውለታ መታሰቢያ ንጉሠ ነገሥቱ በሻሸመኔ 5 ጋሻ፣ ማለትም 200 ሄክታር ያህል መሬት ለጥቁር ሕዝቦች ሰጡ። ከጂንካ በኮንሶ፣ በአርባ ምንጭና በሶዶ አድርገን በሻሸመኔ በኩል ወደ አዲስ አበባ ስንጓዝ በመስኮት የምናያቸው፣ ፀጉራቸውን የጎነጎኑ ሰዎች የዚህ ታሪክ ልጆች ናቸው። ብዙዎቻችን ስናልፍ አይተን ስቀን ይሆናል እንጂ ለምን እንደመጡ አልጠየቅንም።

2. ከወህኒ እስከ መካ

ማልኮም ሊትል የተወለደው እ.ኤ.አ. ግንቦት 19 ቀን 1925 በኦማሃ ከተማ ነው። አባቱም እናቱም የጋርቬይ ማኅበር አባላት ነበሩ። እንግዲህ ገና በልጅነቱ የሰማው ትምህርት ጥቁር ሰው አንገቱን ቀና ያድርግ የሚል ነበር። ስድስት ዓመት ሲሆነው አባቱ በጎዳና ባቡር ተገጭተው ሞቱ፤ ቤተሰቡ ግን ነጮች ገደሏቸው ብሎ ያምን ነበር። እናቱ ልጆቻቸውን ብቻቸውን ለማሳደግ ሲታገሉ ቆይተው በመጨረሻ የአእምሮ ሆስፒታል ገቡ፤ ልጆቹም ተበታተኑ። በትምህርቱ ጎበዝ የነበረው ማልኮም ጠበቃ መሆን እፈልጋለሁ ሲል መምህሩ ይህ ለጥቁር የሚሆን ሥራ አይደለም፣ አናጢነት ይሻልሃል ብሎ መለሰለት። ከዚያ ወዲያ ልቡ ከትምህርት ራቀ። መንገዱም ወደ ሌብነት፣ እ.ኤ.አ. በ1946 ደግሞ ወደ ወህኒ ቤት ወሰደው።

ወህኒ ቤት ውስጥ ነበር የተነሳው። መዝገበ ቃላት ከመጀመሪያው ገጽ ጀምሮ በእጁ እየገለበጠ ቃላትን ተማረ፤ መብራት ከጠፋ በኋላ በኮሪደር ብርሃን ያነብ ነበር። እኛ መብራት ጠፋ ብለን ጥናት የምናቆም ተማሪዎች ይህን እናስብበት።

እዚያው ሳለ ኔሽን ኦፍ ኢስላም ወደሚባለው ቡድን ገባ። እዚህ ላይ ግልጽ መሆን አለብን። ይህ ቡድን እስልምና የሚል ስም ቢይዝም መሪው ኤላይጃ ሙሐመድ የአላህ መልእክተኛ ነኝ ይል ነበር፤ ነጮችም በተፈጥሯቸው ሰይጣን ናቸው ብሎ ያስተምር ነበር። ይህ ከተውሒድም፣ ነቢዩ ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ.) የነቢያት መደምደሚያ ናቸው ከሚለው እምነታችንም ጋር ይጋጫል። ሆኖም ቡድኑ ሱሰኛውን ከሱስ አላቀቀ፣ የተናቀውን ሰው ቀና አደረገ። ማልኮም አስራ ሁለት ዓመት ያህል ዋና አንደበቱ ሆኖ አገለገለ። «ኤክስ» የሚለውን ስም የያዘውም ባሪያ ፈንጋዮች የነጠቁትን፣ የማያውቀውን የአያቶቹን ስም ለማመልከት ነው።

እ.ኤ.አ. በመጋቢት 1964 ከቡድኑ ወጣ። በሚያዝያ፣ እህቱ ኤላ በሰጠችው ገንዘብ ለሐጅ ተነሳ። ጅዳ ሲደርስ የአሜሪካ ፓስፖርት ይዞ ሙስሊም ነኝ በማለቱ ጉዳዩ እስኪጣራ እዚያው እንዲቆይ ተደረገ። በዚያ ቆይታው አንድ የሚያሳፍር ነገር ገጠመው፤ በመላው አሜሪካ የታወቀው «የሙስሊም ሰባኪ» ሶላት በትክክል መስገድ አያውቅም ነበር። አቀማመጡን እንኳ እግሩ እያመመው ከሌሎች እያየ ተማረ። አላዋቂነቱን አልደበቀም፤ በኋላ በታሪኩ ውስጥ ራሱ ተናገረው። ትልቅ ሰው ማለት እንዲህ ነው።

ከዚያ መካ ገባ። በኢሕራም ጨርቅ ውስጥ ንጉሥና ሎሌ አይለይም። ሰማያዊ ዓይንና ነጭ ቆዳ ካላቸው ሙስሊሞች ጋር ከአንድ ሳሕን በላ፣ ከአንድ ብርጭቆ ጠጣ፣ አንድ ምንጣፍ ላይ ተኛ። ወደ አሜሪካ በላከው ደብዳቤም ያየው ነገር የቀድሞ ድምዳሜዎቹን እንዲተው እንዳስገደደው ገለጸ። ችግሩ ያለው በቆዳው ውስጥ ሳይሆን ሰው ስለ ቆዳው በሚያምነው ነገር ውስጥ መሆኑ ገባው። ስሙም አል-ሐጅ ማሊክ አሽ-ሸባዝ ሆነ።

ይህን ስንሰማ አንድ ስሕተት እንዳንሠራ እንጠንቀቅ። አንዳንድ ሰዎች «መካ ሄደ፣ ትግሉን ተወ» ይላሉ፤ አልተወም። የተወው ጥላቻውን ነው። በደሉ ባለበት ነበርና ትግሉንም ቀጠለ።

3. አዲስ አበባ የሰጠችው ሐሳብ

እ.ኤ.አ. ግንቦት 25 ቀን 1963 ከ30 በላይ ነፃ የአፍሪካ አገሮች መሪዎች በአዲስ አበባ ተሰብስበው የአፍሪካ አንድነት ድርጅትን መሠረቱ። ከዓመት በኋላ ከሐጅ የተመለሰው ማልኮም ይህን አርአያ አድርጎ፣ ሰኔ 28 ቀን 1964፣ በኒውዮርክ የአፍሮ አሜሪካውያን አንድነት ድርጅትን አቋቋመ። ስሙም ዓላማውም ከአዲስ አበባው የተወሰደ ነው፤ የአፍሪካ መንግሥታት ልዩነታቸውን ትተው በአንድ ጠረጴዛ ከተቀመጡ እኛስ ምን ይከለክለናል የሚል ነበር።

በሐምሌ የአፍሪካ አንድነት ድርጅት ሁለተኛ የመሪዎች ጉባኤ በካይሮ ሲካሄድ ማልኮም እዚያ ተገኘ፤ ለመሪዎቹም ጽሑፍ አቀረበ። ሐሳቡ ባጭሩ ይህ ነው፦ ጉዳያችንን «የዜግነት መብት» እስካልነው ድረስ የአሜሪካ የውስጥ ጉዳይ ሆኖ ይቀራል። «ሰብዓዊ መብት» ካልነው ግን የዓለም ጉዳይ ይሆናል፤ በተባበሩት መንግሥታት ፊት መቅረብም ይችላል። ጉባኤው በአሜሪካ የቀጠለው የዘር መድልዎ እንደሚያሳስበው የሚገልጽ ውሳኔ አሳለፈ፤ በዚያው ወር የጸደቀውን የአሜሪካን የመብት ሕግም በበጎ አነሳ። ማልኮም የፈለገውን ያህል የጠነከረ አልነበረም፤ ቢሆንም የሐርለም ጉዳይ በአፍሪካ መሪዎች ጠረጴዛ ላይ ተቀመጠ። በዚያው ጉዞው ወደ አገራችንም መጥቶ አዲስ አበባን ጎብኝቷል።

በዚያው ዓመት በጋና የገጠመው ነገር ደግሞ አስተሳሰቡን አናወጠው። የአልጄሪያን አምባሳደር አግኝቶ ፍልስፍናዬ ጥቁር ብሔርተኝነት ነው አለው። አምባሳደሩ ለአገሩ ነፃነት የታገለ አፍሪካዊ ሙስሊም ነበር፤ መልኩ ግን ነጭ ነው። እንግዲያው እኔን የት ልታደርገኝ ነው ብሎ ጠየቀው። ማልኮም ይህን ጥያቄ አልሸሸውም። ከዚያ በኋላ ሐሳቡን በዚያ ቃል ብቻ መግለጹን እያቆመ መምጣቱን ራሱ ተናግሯል። ሲማር ኖሮ፣ እየተማረ ሞተ። እ.ኤ.አ. የካቲት 21 ቀን 1965 በኒውዮርክ አዳራሽ ንግግር ሊጀምር ሲል በጥይት ተገደለ፤ 39 ዓመቱ ነበር። በግድያው ከተፈረደባቸው ሦስት ሰዎች የሁለቱ ፍርድ በ2021 ተሰርዟል፤ እውነቱ ሃምሳ ስድስት ዓመት ዘገየ። አላህ ይዘንለት።

4. የቤታችን ገበና

እስከዚህ ድረስ ታሪኩ ያኮራናል። ኢትዮጵያ የነፃነት ስም፣ አዲስ አበባ የአንድነት ቤት። አሁን ግን የኋላ ወንድማችን ወዳለው እንምጣ።

በሐርለም የኢትዮጵያ ስም ሲዘመርለት በነበረበት በዚያው ዘመን በደቡቡ የአገራችን ክፍል የገባር ሥርዓት ነበር። በአሪም በሌላውም ምድር በ19ኛው መቶ ዘመን መጨረሻ ከተደረገው ዘመቻ በኋላ ገበሬው በመሬቱ ላይ ለሌላ ሰው ገባሪ ሆነ። ከደቡብና ከምዕራብ ሕዝቦች ብዙ ሰው በባርነት ተወሰደ፤ ባርነት በሕግ ጨርሶ የተከለከለው በ1934 ዓ.ም. ነው። የድንበር አካባቢ ሕዝቦችን ከቆዳቸው ጋር አያይዞ የሚጠራ የስድብ ስምም ነበር። ስሙን እዚህ አንጽፈውም፤ ሁላችንም እናውቀዋለን፣ አንዳንዶቻችንም አፋችን ላይ አለ።

በደሉን ለሌሎች ብቻ እንዳናሸክም እውነቱን እንናገር። በዚያ ንግድ ውስጥ ክርስቲያንም ሙስሊምም ነጋዴዎች ነበሩ። ጂማ አጠገብ የነበረው የሂርማታ ገበያ ከቡናና ከአሞሌ ጨው ጋር ሰውም የሚሸጥበት ገበያ ነበር። አላህ (ሱ.ወ.) ፍትሕን ያዘዘን በራሳችን ላይ እንኳ ቢሆን እንድንመሰክር ነው።

ዛሬስ? በጂንካ ከተማ ቅዳሜ ገበያ ስንወጣ ከማጎ ማዶ የመጡ ሙርሲዎችን እናያለን። ቱሪስቱ ካሜራውን ይደቅንባቸዋል፤ እኛም አንዳንዴ ስልካችንን እናወጣለን። ፎቶ ከማንሳታችን በፊት ስማቸውን የጠየቅነው ስንቶቻችን ነን? ሐመርን፣ ዳሰነችን፣ ኛንጋቶምን፣ ካሮን፣ በናን፣ ቦዲን በጌጣቸው እናውቃቸዋለን፤ ችግራቸውን፣ ቋንቋቸውን፣ ጥበባቸውን ግን አናውቅም። ሸክላ ሠሪውንና ቀጥቃጩን የሚንቅ፣ አብሮ መብላትን የሚጸየፍ ልማድም በአካባቢያችን አልጠፋም። ይህ ሁሉ ያለ ነጭ ሰው የተሠራ ዘረኝነት ነው።

ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ስለዚህ ነገር ምን እንዳደረጉ እናስታውስ። አቡ ዘር (ረ.ዐ.) ተቆጥቶ አንድን ሰው በእናቱ ሰደበው፤ ሰውየው ቢላል (ረ.ዐ.) እንደነበር በሰፊው ይነገራል። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) አቡ ዘርን በውስጡ የጃሂሊያ ባሕርይ ያለበት ሰው መሆኑን ነገሩት። አስተውሉ፤ አቡ ዘር ከቀደምት ሶሓባዎች አንዱ ነው፤ ኢማኑ አልተጠራጠረም። ነገር ግን ኢማን ያለው ሰው ውስጥም የጃሂሊያ ቅሪት ሊኖር እንደሚችል ተማርን። እሱም ተማረ፤ ከዚያ በኋላ የሚለብሰውን ለአገልጋዩ ያለብስ ነበር። እኛ ስለ ቢላልና ስለ ነጃሺ ስናወራ ደረታችንን እንነፋለን። ቢላልን እየወደድን ቢላልን የሚመስለውን ወንድማችንን ካስከፋን ውዴታችን የት አለ?

5. ሚያዝያ 12 ቀን 1966 ዓ.ም.

የቤታችን ታሪክ የበደል ብቻ አይደለም፤ የትግልም ነው። ወላጆቻችንና አያቶቻችን «በኢትዮጵያ የሚኖሩ ሙስሊሞች» እየተባሉ ይጠሩ ነበር፤ በገዛ አገራቸው እንግዳ ማለት ነው። ሚያዝያ 12 ቀን 1966 ዓ.ም. በአዲስ አበባ 100,000 ያህል እንደሚሆን የተገመተ ሕዝብ አደባባይ ወጣ። «ኢትዮጵያውያን ሙስሊሞች ነን» አለ። ሃይማኖትና መንግሥት እንዲለያዩ፣ በዓሎቻችን እንዲከበሩ፣ በሥራና በአስተዳደር እኩል እንድንሆን ጠየቀ።

ከሰልፈኞቹ መካከል ብዙ ክርስቲያኖች ነበሩ። የእነሱ በዓል ቀድሞም ብሔራዊ ነበር፤ ለራሳቸው የሚያገኙት ነገር አልነበረም። የወጡት ፍትሕ ስለሆነ ነው። ከለውጡ በኋላ ኢድ አል-ፈጥር፣ ዐረፋና መውሊድ ብሔራዊ በዓል ሆኑ። ዛሬ በኢድ ቀን ትምህርት ቤት ሲዘጋ ዝም ብሎ የመጣ አይደለም፤ ሰው ቆሞበት የመጣ ነው። ሌላው ስለ እኛ ከቆመ እኛስ ከእኛ ይልቅ ለተናቀው መቆም አይገባንም?

6. ከዚህ ምን እንማራለን?

አንደኛ፣ ክብርና ጥላቻ አንድ አይደሉም። ማልኮም በሕዝቡ መኩራቱን ሳይተው ሌላውን መጥላቱን ተወ። በብሔርህ፣ በቋንቋህ፣ በአያቶችህ መደሰት ኃጢአት አይደለም። ኃጢአቱ ወገኔ ስለሆነ ብቻ በበደሉ ላይ መርዳት ነው፤ ዐሰቢያ የሚባለው ይህ ነው። በሱረቱል ሑጁራት አላህ (ሱ.ወ.) በነገድና በጎሳ ያደረገን እንድንተዋወቅ መሆኑንና እርሱ ዘንድ የሚከበረው ተቅዋ ያለው መሆኑን አስተምሮናል። መተዋወቅ ታዟል፤ መናናቅ ግን አልታዘዘም።

ሁለተኛ፣ ተሳስቻለሁ ማለት መሪነትን አይቀንስም። ማልኮም በሺዎች ፊት አስራ ሁለት ዓመት ያስተማረውን በሺዎች ፊት አረመ። እኛ በአስር ሰው ፊት ይቅርታ መጠየቅ ይከብደናል።

ሦስተኛ፣ ወንድማማችነት በሶፍ ተጀምሮ በሶፍ አያልቅም። ትከሻ ለትከሻ ሰግደን ከመስጂድ ስንወጣ እያንዳንዱ ወደ አገሩ ልጅ ጠረጴዛ የሚሄድ ከሆነ ሶፉ ገና አልተስተካከለም። ስለዚህ እኛ የጀመዓው አገልጋዮች ሦስት ነገር ወስነናል፦ ሰውን በቀለሙም በብሔሩም በቅጽል ስም መጥራት በመካከላችን እንዲቀር፤ የአዲስ ሙስሊሞች ትምህርት በአማርኛ ለማይቀናው ሰው በሚገባው ቋንቋ በሚረዳው ጓደኛ በኩል እንዲሰጥ፤ በኢፍጣርና በሶደቃ ዝግጅት አንዱ ሁልጊዜ አስተናጋጅ፣ ሌላው ሁልጊዜ ተስተናጋጅ እንዳይሆን።

ያን ወንድማችንንም ይቅርታ ጠይቀነዋል። እሱ ግን፣ «ይቅርታውን ተቀብያለሁ፤ ቀጣዩን ሐልቃ እኔ ልምራው» አለን። ኢንሻአላህ በሚቀጥለው ሳምንት ስለ ቢላል (ረ.ዐ.) ሕይወት የሚያስተምረን እሱ ነው። ከኋላ አይደለም የሚቀመጠው።

ለሐልቃ ውይይት

• «እኛ አገር ዘረኝነት የለም» የምንለው ማንን ጠይቀን ነው?
• ማልኮም «ሰብዓዊ መብት» የሚለውን ቃል የመረጠው ለምንድን ነው? ለእኛስ ምን ያስተምረናል?
• በ1966ቱ ሰልፍ ከሙስሊሞች ጋር የወጡ ክርስቲያኖችን አስቡ። በግቢያችን ውስጥ እኛ እንዲህ ልንቆምለት የሚገባ ሰው ማን ነው?
• እያንዳንዳችን ከዚህ ሳምንት ጀምሮ የምንተወው አንድ ቃል ምንድን ነው?

አላህ (ሱ.ወ.) ልባችንን ከኩራትና ከጃሂሊያ ቅሪት ያጽዳልን፤ ሶፋችንንም ልባችንንም ያስተካክልልን። አሚን።

ወሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ።